ሳነቴ በአንድ ቀን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እናቴ «የዘንድሮን ኅዳር ጽዮን ጎባ እህቴ ዘንድ ነው የማከብረው» ካለች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ወሬው ሁሉ ባሌ ሆኗል። በዓሉ እሑድ ይውላል። አርብ ጎባ ከገባን ለተራራው የምትተርፈን ቅዳሜ ብቻ ናት፤ ሰኞ እኔም ወንድሜም ሥራ ስላለን ከቅዳሴ መልስ ጉዞ ነው።

ወንድሜ ማታ ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ከጎባ ዶሎ መና 110 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑን አየና «ደርሶ መልስ አምስት ሰዓት ቢፈጅ ነው» አለ። ይሄ የአስፋልት ሒሳብ ነው። ከ2,700 ሜትር ገደማ ተነስቶ አራት ሺሕ ላይ ወዳለው የሳነቴ ሜዳ የሚወጣ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ሐረና ጫካ ቁልቁል የሚጠማዘዝ ኮረኮንች በኪሎ ሜትር አይታሰብም። በዚያ ላይ ጠዋት የወረድነውን ሁሉ ከሰዓት በኋላ መልሰን ልንወጣው ነው።

ችግሩ ሁላችንም የምንሄደው ወደተለያየ ቦታ መሆኑ ነው። ወንድሜ የሚፈልገው ቱሉ ዲምቱን ነው፤ 4,377 ሜትር፣ የባሌ ተራሮች ከፍተኛው ጫፍ፣ መኪና ጫፉ ድረስ የሚወጣበት። እናቴ የሐረናን ማር ትፈልጋለች። ልጄ ቀይ ቀበሮ። እኔ የምፈልገው ሳይመሽ ጎባ መግባት ነው፤ ይህን ግን ማንም እንደ ፍላጎት አልቆጠረልኝም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ልጄ «ቀበሮዋን ካላየናትስ?» ብሎ ጠየቀኝ። በዓለም ላይ ከ500 የማይበልጡ ናቸው፣ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ውስጥ ነው የሚኖሩት፣ ሳነቴ ላይ የማየት ዕድላችን ከየትም ይሻላል አልኩት። የምትበላው አይጥና ፍልፈል ነው። ከፍልፈሎቹ ትልቁ ከባሌ ሌላ የትም የለም፤ ቀን ቀን ከጉድጓዱ ብቅ ይላል፤ ስለዚህ እሷም ቀን ነው የምታድነው። ጠዋትና ማታ በቡድን ድንበራቸውን ይቃኛሉ፤ አደን ላይ ግን ለየብቻ ናቸው። ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነው፤ በሌሊት መነሳት አያስፈልገንም ማለት ነው።

ያልነገርኩት፣ የሚጎዷት ውሻና መኪና መሆናቸውን ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከሰፈር ውሾች እየተጋባ በተደጋጋሚ ጨርሷቸዋል፤ መንገዱ ላይ የተገጩም አሉ። ለወንድሜ ግን ነገርኩት። ሜዳው ላይ ከመንገድ መውጣት የለም፣ ፍጥነት የለም። «እኔ መቼ ፈጥኜ አውቃለሁ?» አለ። እናቴ ሳቀች።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መኪናውን ለማስፈተሽ ከወንድሜ ጋር ወጣሁ። አሮጌ ላንድ ክሩዘር ነው፤ ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው። አራት ሺሕ ሜትር ላይ አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው ከአሥር ስድስት እጅ ያህል ብቻ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ የሚያገኘው ያችኑ ነው። አዲስ አበባ በሦስተኛ ማርሽ የሚወጣው ዳገት እዚያ ሁለተኛ ይለምናል። መካኒኩ የአየር ፊልትሮውን አውጥቶ መሬት ላይ ቢያንኳኳው አንድ እፍኝ አቧራ ወረደ። «በዚህ ነው ሳነቴ የምትወጡት?» አለና በአዲስ ቀየረው። የራዲያተሩን ውሃና ክዳኑን አየ፤ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ከፍታ ላይ ቶሎ ይፈላል። ፍሬኑን ሸራ በሸራ ፈተሸ።

ከዚያ ጎሚስታው ጋ ሄድን። አራቱ ጎማዎች ደህና ናቸው። ስኮርታውን አውርድ ስለው ወንድሜ «እሱ አልተነካም እኮ» አለ። ጎሚስታው መልስ ሳይሰጥ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የማስነፊያዋ አፍ ላይ አደረገ። ትንሽ አረፋ ተነፋች፣ ፈነዳች፣ ሌላ ተተካች። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ቫልቩን በሃያ ደቂቃ ቀየረው። ክሪኩንም እዚያው ሞከርነው፤ የሚሠራ ክሪክ መያዝና የሚሠራ መሆኑን ማወቅ ሁለት ነገር ነው።

ወንድሜ የፎርዊሉን ነገር እኔንም አስተማረኝ። የፊት ጎማዎቹ መሃል ላይ ክብ መቆለፊያ አለች። ወርዶ ሁለቱንም በእጅ ካላዞሯት፣ ውስጥ ማርሹን ቢያስገቡትም የፊቱ ጎማ አይጎትትም። የእሱ በኩል በቀላሉ ዞረች። የእኔ ዝጋ ስለነበር በጨርቅ ይዤ ታገልኩ፤ ቀጭ ስትል እጄ ላይ ተሰማኝ። ይህችን ጎባ ላይ ደረቅ መሬት ላይ ነው የምንቆልፋት እንጂ ጭቃ ውስጥ ከገባን በኋላ አይደለም ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ገባ፤ የስንቁ ነገር በራሱ አለቀ። ዳቦ፣ በሶ፣ ቆሎ፣ ሙዝ። እናቴ «ላይ ደርሰን ቡና እናፈላለን» ብላ ነበር። እሳት ማንደድ የለም አልኳት፤ በባሌ የአስታ ቁጥቋጦ በእሳት እየተጎዳ ነው፤ እኛ አንጨምርበትም። ደግሞ ውሃው እዚያ 86 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። «ለብ ያለ ቡና ነዋ!» አለችና ፔርሙስ ይዛ ለመሄድ ተስማማች።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17

ጎባ አክስቴ ጋ ደወልኩ። መንገዱ ሰላም ነው ወይ፣ ሰው ይሄዳል ወይ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ዛሬ ማንም ሰው ጉዞ ሲያስብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። «የመና መኪና በየቀኑ ያልፋል። ለማንኛውም አርብ ማታ እዚሁ እንደገና እንጠይቃለን» አለች። ከዚያ ማስጠንቀቅ ጀመረች። «አንቺ ልጅ፣ ጠዋት ብርሃን ነው ብለሽ አትታለዪ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ሲወርድ የገዛ ኮፈንሽን አታዪውም።»

ስለዚህ ዕቅዱን ከኋላ ጀምሬ ሠራሁት። ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። 11 ሰዓት ጎባ ግቢው ውስጥ መሆን አለብን። የሳነቴን ሜዳ በ10 ሰዓት ለቀን ወደ ጎባ መውረድ እንጀምር። ማር የምንገዛው ሐረና ጫካ ውስጥ፣ ሪራ ነው፤ ከሪራ ተነስቶ ሜዳው ላይ መውጣትና ሜዳውን ማቋረጥ ሁለት ሰዓት ይዤለታለሁ። እንግዲህ ሪራን በ8 ሰዓት እንለቃለን። ማር ተገዛ አልተገዛ፣ ምሳ ተበላ አልተበላ፣ 8 ሰዓት። ከሪራ በታች መውረድ የለም፤ ዶሎ መና በዚህ ቀን ውስጥ የለችም። ጫካውን ያየ ሰው ሊወርድ ይመኛል፤ ዛፎቹ ረጅም ጢም አንጠልጥለው፣ ቀርከሃው፣ ዝንጀሮው። ነገር ግን እያንዳንዱ ቁልቁል የከሰዓት በኋላ ዳገት ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ተነስተን 2 ሰዓት ተኩል ሜዳው ላይ እንደርሳለን። ከዚያ እስከ 5 ሰዓት የልጄ ነው። በዝግታ መንዳት፣ ጅባራዎቹ መሃል ቆሞ በመነጽር ማየት፣ ዝም ብሎ መጠበቅ።

ቱሉ ዲምቱን «በመመለሻችን፣ ጊዜ ከተረፈ» ብዬ ጻፍኩት። ወንድሜ አነበበውና ዝም አለ። እኛ ቤት «ጊዜ ከተረፈ» ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ እሱም ያውቃል። እኔ በበኩሌ ጫፍ መውጣት ከፎቶ የሚያልፍ ትርፉ አይታየኝም፤ አናቱ ላይ የቴሌ ማማ ነው ያለው። እናቴ ደግሞ ግፊት አለባት። ሐኪሟ ሂጂ ብሏታል፣ ክኒኗን ሳታቋርጥ፣ ውሃ እየጠጣች፣ ራሷን ካመማት ወዲያው በመውረድ። ከሜዳው በላይ ሌላ ሦስት መቶ ሜትር የምጨምርበት ምክንያት የለኝም።

አርብ፣ ኅዳር 19፣ ጎባ

በአሰላና በዶዶላ በኩል መጣን። ዲንሾ ላይ ቢሮው ሳይዘጋ ደርሰን የፓርኩን መግቢያ ለነገ ከፈልን። ዲንሾ ከሮቤ በፊት ነው፤ ነገ ለክፍያ ብቻ ወደ ኋላ ብንመለስ ግማሽ ጠዋት ይሄድብን ነበር። ግቢው ውስጥ ደጋ አጋዘኖች ዛፍ ሥር ቆመው ልጄን አዩት፤ እሱም አያቸው። ቀበሮዋን ለጊዜው ረሳት። ሮቤ ላይ ሰልፍ ይዘን ናፍጣ ሞላን፤ ላይ ማደያ የለም።

ማታ አክስቴ ጎረቤቷን ጠራችልን፤ መና ጭነት ሲያመላልስ የኖረ አዛውንት ሹፌር ነው። ኦቦ እያልን አቀመጥነው። ወረቀቴን ሰጠሁት፤ ቀስ ብሎ አነበበ። ሰዓቱ ላይ አንድም ነገር አልነካም። የላይኛውን ሜዳ ቅደም ተከተል ግን ገለበጠው። «ቱሉ ዲምቱን ከፈለጋችሁ ጠዋት ነው፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ። ከመንገዱ ሩቅ አይደለም። ከሰዓት በኋላማ ምን ልታዩ? ቀበሮዋ ወጥታችሁም ወርዳችሁም አለች።» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ «ወደ ሪራ ስትወርድ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ አትተኛ» አለው።

ወንድሜ ፊቱ በራ። እናቴ «እኔ መኪናው ውስጥ እጠብቃችኋለሁ፣ እናንተ ፎቷችሁን ተነሱ» አለች። አሥር ደቂቃ ፈቅጃለሁ፤ ራሷን ካመማት አምስትም የለም። የልጄ ሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ሁለት ወረደ። ለካሳ የፊት ወንበርና መነጽሩ የእሱ ሆነዋል፤ እናቴ ግን የፊት ወንበሩን ገና አልሰማችም።