የጋሼ ዜኒትና አዲሱ ዙም

ዘንድሮ ለጥምቀት ጃን ሜዳ የወጣሁት ሁለት ሌንስ ይዤ ነው። አንዱ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሄድ፣ ወደ ኪሎ ተኩል የሚመዝን አዲስ ዙም። ሌላው በዕድሜ እኔን የሚበልጥ፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ ሄሊዮስ 58። ደስታዬን በምን ልንገራችሁ! ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ሄሊዮሱ ከጋሼ ዜኒት ካሜራ ጋር የመጣ ነው። ጋሼ የእናቴ ወንድም፣ ኪየቭ ተምሮ ሲመለስ በሻንጣው ይዞት ገባ። በ1985 ጥር አንገቴ ላይ ሲያንጠለጥልልኝ የ15 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያኔ የቱን ሌንስ ልያዝ ብሎ መጨነቅ የለም፤ ያለው አንድ ነው። ዙም የለው፣ ባትሪ አይበላ። ግንባሩ ላይ ያለችው የብርሃን መለኪያ መርፌ የምትሠራው በራሱ በብርሃኑ ነው፤ የምታሳይህን ቁጥር አይተህ ቀለበቱን በእጅህ ታዞራለህ። አንድ ፊልም 36 ፎቶ። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባል የለ? የእኔም የዓመት ጥሪት ለዚያች አንድ ፊልም ነበር።

«ጋሼ፣ ከዚህ ሆኜማ ካህናቱ የጣት ጫፍ ነው የሚያክሉት!» አልኩት።

«ገባ በላ! ካልተጋፋህ ምኑን ጥምቀት ሆነ?»

ገባሁ። ሄሊዮስ እስከ ግማሽ ሜትር፣ ማለትም እስከ አንድ ክንድ ቀርቦ ያነሳል። ጠበሉ ሲረጭ አንዲት እናት ፊቷን ወደ ላይ አቀናች። ነጠላዋ ርሶ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፤ ከቅንድቧ ጫፍ አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ልትወርድ ስትል ቀጭ አደረግኩት። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

«ልጄ፣ ፎቶዬን ታመጣልኛለህ?»

«አመጣለሁ፣ እማማ።»

ፊልሙን ፒያሳ አሳጠብኩ። በዓመቱ ጥር 11 ፎቶውን በፖስታ አድርጌ ዐምና የቆምንበት ቦታ ጠበቅኳት። መጣች! ስታየው እልልታዋን አቀለጠችው። ዛሬም ጆሮዬ ላይ ነው።

ዙሙን ደግሞ እንዴት አልውደደው? ዘንድሮ ለከተራ ከገመዱ ውጭ ቆሜ የከበሮ መቺውን ጣቶች አንድ በአንድ ቆጠርኩ። በ200 ያየሁት ነገር በ58 ከሚታየው ሦስት እጥፍ ተኩል ገደማ ይገዝፋል። ጥላዎቹ፣ ወርቃማ ዘርፎቻቸው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው እንደ ተራራ ቆሙ። እንዲህ የሚደራርባቸው ሌንሱ ሳይሆን ርቀቱ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የፊትና የኋላው ልዩነት ይጠባል። ሳየው እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ግን በዙም ያመጣኋቸው ሰዎች አንዳቸውም አላዩኝም። ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ፎቶው የሚላክበት አድራሻ የለውም።

በማግስቱ ሄሊዮሱን በማገናኛ ቀለበት አዲሱ ካሜራ ላይ ጠመዘዝኩት። በ2 ሲከፈት በ2.8 ከሚከፈተው ዙም እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ከኋላ ያለው ቅጠል ክብ ሠርቶ ይሽከረከራል፣ ፊቱ ጥርት ብሎ ይቀራል። እንደ ድሮው ተጋፋሁ፤ አንድ ክንድ ቀረብኩ። ጠበል የነካው ወጣት ፀጉሩን እያራገፈ ሳቀልኝ።

«ጋሼ! በቴሌግራም ይላኩልኝ!»

ጋሼ አለኝ! በዚያ ስም ሲጠሩኝ ደስታው ልዩ ነው። ያኔ ዓመት የፈጀው ነገር እዚያው ቆመን አለቀ፤ ፎቶው ከካሜራዬ ወደ ስልኬ፣ ከስልኬ ወደ ስልኩ ገባ። ለእናቱ ሲያሳያት እልል አለች።

ገንዘባችሁ ለሁለቱም ከበቃ ዙሙንም ግዙት፤ ዋልያ ለማንሳት ሰሜን ተራራ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ያለሱ አይሆንም። ለአንድ ብቻ ከበቃ ግን ዙም የሌለውን፣ ባለ 50ውን ወይም ባለ 58ቱን ያዙ። ዘንድሮ ከጃን ሜዳ ለ14 ሰው ፎቶ ልኬያለሁ። 14ቱም በጋሼ ሄሊዮስ የተነሱ ናቸው።