እንግዳው ምን አደረገህ?

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ግድም ነው። ጥር 2012፣ ጥምቀት ካለፈ ሳምንት አልሞላውም። አብረውኝ የተሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ክላሻቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ያንቀላፋሉ። አፈሙዙ ወደ ውኃው መዞሩን ስንት ጊዜ እንዳረጋገጥሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ከእኔ በቀር ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም። ሴቶቹ ስለ ጌሾ ዋጋ ያወራሉ፣ አንድ ሕፃን የሽማግሌውን ማንገቻ ይዞ ይጫወታል። አሥራ ስድስት ዓመት ቨርጂኒያ ኖሬ መምጣቴ ነው። መሣሪያ በሞላበት አገር ኖሬ፣ በዚህ ቅርበት ያየሁት ግን እዚያ ጀልባ ላይ ነው።

የሚያሳድረኝ የባልንጀራዬ አጎት ነበር። ልጁን፣ የአሥር ዓመት ቢሆነው ነው፣ ወደቡ ላይ ልኮ አስጠበቀኝ። ልጁ ሻንጣዬን ነጥቆኝ ከፊት ከፊቴ ቱር ቱር እያለ በቡናው ጥላ ውስጥ ይዞኝ ገባ። በየደጁ ቡና ተሰጥቷል፤ ጦጣ ሲጠጋ ልጁ ሻንጣውን አስቀምጦ ወንጭፉን ያወጣል። ሲመታ አላየሁም፣ ማስፈራራቱ ብቻ ይበቃዋል። ከተማ ያደገ ሰው ስለመሰልሁት ነው መሰለኝ የአገሩን ነገር ሁሉ ከሀ ጀምሮ ነገረኝ፦ ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም። አቡነ በትረ ማርያም መቋሚያቸውን ተክለው ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ስለበቀሉላቸው፣ ሕዝቡ ሳያርስ እንዲኖር ቃል ኪዳን ተቀብለዋል።

«በሬ አምጥቶ ቢያርስስ የሚከለክለው ማነው?» አልሁት።

«በሬ የለም እኮ» አለኝ፤ ጥያቄዬ ገርሞት።

ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብተን በላዔ ሰብእን አሳየኝ። ሥዕሉን በጣቱ ሳይሆን በአገጩ ነው የሚጠቁመው፤ እንዳይነካ ተነግሮታል። እኔ ግን ሐሳቤ ሌላ ዘንድ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 እዚሁ ዘጌ ሰፍረው፣ መርከብ ነገር ለማሠራት ሞክረው፣ የእንግሊዝ መልእክተኞቹን እነ ሆርሙዝድ ራሳምን ያሰሩትም ከዚሁ ሠፈር ነው። ከዚያ በፊት ቆንስል ካሜሮን ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከ ሽጉጥ አምጥቶላቸው ነበር፤ ሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ የጠጡትም ያንኑ ሽጉጥ ነው ይባላል። እኔ በልጅነቴ ስለ መሣሪያ የተማርሁት ይህንኑ ብቻ ነው፤ የክፍል ጓደኞቼ ደብተራቸው ሽፋን ላይ ያንን ሽጉጥ ያልሳለ አልነበረም። እንዴት እንደሚያዝ፣ የት እንደሚቀመጥ ያስተማረን የለም። ክብሩን ብቻ አጥንተን ወጣን።

ቤቱ ስንደርስ ቡና ይቆላ ነበር። ከጓዳው በር በላይ፣ የልጅ እጅ በማይደርስበት፣ አንድ ምንሽር በማንገቻው ተሰቅሏል። የአባቱ አባት ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ጎጃም ውስጥ እጅ ከገባ ጀምሮ ከቤቱ አልወጣም አለኝ ባለቤቱ። ለጥምቀት ወጥቶ ስለነበር ሊወለወል ነው። አወረደና ቃታውን ሁለቴ ሳበ፣ ትንሿን ጣቱን ሰዶ የጥይቱን ጎሬ ዳሰሰ፣ ከዚያ ጨርቅና ዘይት ጨምሮ ለልጁ ሰጠው።

ልጁ ቁጢጥ ብሎ ሰደፉን ጀመረ። ስሞቹን ሁሉ ያውቃል፦ ሰደፍ፣ ምላጭ፣ ቃታ፣ አፈሙዝ። እጁ ፈጣን ነው፣ ዓይኑ ግን እኔ ስልክ ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሳያስበው ምንሽሩ ዞረና አፈሙዙ ከጉልበቴ ትይዩ መጣ። እኔ ምንም አላልሁም፤ ቀልቤ ግን ስኒው ውስጥ ወረደ። አባትየው አልጮኸም። ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፣

«እንግዳው ምን አደረገህ?» አለ።

ልጁ ጆሮው ድረስ ቀላ። አፈሙዙን ወደ ግድግዳው መልሶ፣ «ባዶ ነው እኮ አባየ» አለ።

«ባዶ መሆኑን እሱ በምን ያውቃል?»

ባዶ ጠመንጃ ሁለት ሰው ያስፈራል የሚባለውን እኔም ሰምቼው አድጌአለሁ። ሁለተኛው ፈሪ ያዡ መሆኑን ግን ያን ቀን ነው የልጁ ፊት ላይ ያየሁት። እስኪጨርስ ድረስ አንዴም ከግድግዳው አላነሳው።

እኔም በተራዬ የአሜሪካን ጉድ አወራሁ። እዚያ የጠመንጃ ባለቤቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ኤዲ በሚባል ንስር አማካይነት ልጆችን ያስተምራል፦ ቁም፣ አትንካ፣ ሩጥ፣ ለትልቅ ሰው ንገር። ልጆች በዜማ ይሉታል። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ የአትላንታ ሐኪሞች ጥናት አለ። ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ 64 ወንዶች ልጆችን ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት አድርገው አንድ ክፍል ውስጥ አስገቧቸው፤ ከመስተዋት ጀርባ ሆነው ያያሉ። አንዱ መሳቢያ ውስጥ የውኃ ሽጉጥ፣ ሌላው ውስጥ ጥይት የሌለው እውነተኛ ሽጉጥ አለ። 48ቱ እውነተኛውን አገኙት፣ 30ው አነሱት፣ 16ቱ ምላጩን ሳቡት። ካነሱት ውስጥ ከዘጠና በመቶ በላይ የሚሆኑት ስለ መሣሪያ ጥንቃቄ ቀድሞ የተነገራቸው ናቸው።

ባለቤቱ እስክጨርስ ስኒውን እንደያዘ ቆየና፣

«መሳቢያ ውስጥ ማን አስቀመጠው?» አለኝ።

«ሐኪሞቹ። ለሙከራ ነው አልሁህ።»

«እሱን አይደለም። በየቤታቸው ማን ያስቀምጠዋል ማለቴ ነው።»

መልስ አጣሁ። አንድ ጊዜ ልጄን ለክትባት ይዤው ብሄድ፣ ሐኪሟ ስለ ምግቡ፣ ስለ መኪና ወንበሩ ስትጠይቀኝ ቆይታ «ቤታችሁ መሣሪያ አለ?» ስትለኝ ደሜ ፈልቶ ነበር። መልኬን አይታ የጠየቀችኝ መሰለኝ። ኋላ ነው ወላጅን ሁሉ እንደምትጠይቅ የተረዳሁት፤ የሕፃናት ሐኪሞቻቸው ማኅበር መሣሪያው ጥይት ሳይጎርስ ተቆልፎ፣ ጥይቱም ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ ነው የሚለው። ምክሩ የተጻፈው ለልጁ አይደለም።

«ጥይቱስ የት ነው?» አልሁ፤ ያን ሁሉ ካወራሁ በኋላ አለመጠየቅም ነውር መስሎኝ።

ባለቤቱ ወደ ሚስቱ አየ። እትዬ ሦስተኛውን እየቀዱ ነበር። ጀበናውን አስቀመጡና ከመቀነታቸው ጫፍ የተቋጠረች ትንሽ ቁልፍ ፈትተው አሳዩኝ። የእንጨት ሳጥን አላቸው፣ ነጠላቸውና የቤቱ ገንዘብ ያለበት፤ ዝናሩም እዚያው ነው። ለሠርግ፣ ለጥምቀት ሲፈለግ ቆጥረው ይሰጣሉ፣ ሲመለስ ቀለሁንም ጥይቱንም ቆጥረው ይቀበላሉ። ዘንድሮ አምስት ሰጥተው ሁለት ጥይትና ሦስት ቀለህ ገብቷል።

«ልጁን ፈርተው ነው?» አልኋቸው።

«ልጁማ ይሰማል፤» አሉ፣ ባላቸውን በዓይናቸው ጠቀስ አድርገው። «ጠላ የሚጠጣው እሱ መሰለህ?»

ባለቤቱ ሳቀ፤ ከልቡ ግን አልነበረም። ወሬውን ወደ አዋጁ መለሰው። በዚያው ሰሞን ምክር ቤቱ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012ን አጽድቆ ነበርና፣ ምንሽሩ ይመዘገብ ይሆን ወይ፣ ፈቃድ ያስፈልገው ይሆን ወይ እያለ ሲያወጣ ሲያወርድ አመሸ። በሁለት ወር ውስጥ ከወረዳው ሰው የሚመጣ ይመስለው ነበር።

ይህን ማስታወሻ ሳገላብጥ ብዙ ነገር ተለዋውጧል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 በሰሜን የተካሄደው ጦርነት በአማራ፣ በትግራይና በአፋር መሬት ላይ ያልፈነዳ ነገር ዘርቶ ሄደ። እረኛ ልጅ አንስቶ የሚቀጠቅጠው ብረት ገደለው፣ እጁን ወሰደው የሚል ወሬ ተደጋገመ። የእርዳታ ድርጅቶች በየትምህርት ቤቱ ለልጆች የሚያስተምሩት፣ አትንኩ፣ አትቅረቡ፣ ለትልቅ ሰው ተናገሩ ነው። ከኤዲ ትምህርት ብዙ አይለይም። ይህኛው ላይ አልሳለቅም፤ ሜዳ ላይ የወደቀ ቦምብ እናት ሳጥን ውስጥ አይገባም፣ ከልጁ ዕውቀት ሌላ የሚጠብቀው የለም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ግን ሰቃይ አለው። ሁለቱን አንድ አድርገን «ልጆችን እናስተምር» ስንል፣ እኛ ትልልቆቹ ከሥራው ሹልክ ያልን ይመስለኛል።

በ2015 ክረምት ደግሞ ጦርነቱ እዚያው አማራ ክልል ገባ። ዘጌ ስደውል ስለ ቡናው፣ ስለ ልጁ ትምህርት እጠይቃለሁ። ስለ ምንሽሩ አልጠይቅም፣ እሱም አያነሳም።

ልጄ አሁን ጓደኞቹ ቤት የሚያድርበት ዕድሜ ደርሷል። ባለፈው ወር እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የሚኖር አንድ የአገሬ ልጅ ቤት ላደርሰው ሄጄ፣ ጫማውን እያወለቀ ሳለ አባትየውን ወደ በረንዳው ጠራሁት። እንደዚያ ያለ ጥያቄ በእኛ ዘንድ ስድብ ነው፤ አፌ ላይ ስንቴ አገላበጥሁት።

«ይቅርታ አድርግልኝና፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?»

ሳቀ። «ምን፣ ፖሊስ ሆንህ እንዴ?» አለኝ። እኔ አልሳቅሁም። እሱም ቀስ በቀስ ሳቁን ተወው።

«ቆየኝ» ብሎ ወደ ፎቅ ወጣ። መሳቢያ ሲከፈት ሰማሁ፤ ከዚያ ለረጅም ጊዜ ቁልፍ ሲፈልግ።