ቀለበትና ጀበና

ወዳጅነት በብዙ በር ይገባል። የአገር ልጅነት ያመጣዋል፤ ማዕድ ያመጣዋል፤ ስደትም ያመጣዋል። ገዳሪፍ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰውን ከሰው የሚያገጥመው ሥራ ነው። ክረምት ሲገባ በመተማና በገላባት የሚሻገረው የቀን ሠራተኛ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ላይ ይገናኛል፤ ነጋዴው በገበያ፣ ሾፌሩ በመናኸሪያ ይተዋወቃል። የእኔና የሦስት ወዳጆቼ ነገር ከዚህ ሁሉ ወጣ ያለ ስለ ሆነ ለአንባቢ ባጫውተው አይከፋኝም። እኛን ያገናኘን ፊልም ነው፤ ያውም የሚራመድ ዛፍ፣ ሰው የሚሸከም ንስርና የሚያናግር ክፉ ቀለበት ያለበት የምናብ ፊልም።

ቦታው ከገበያው ጀርባ ያለች አንዲት የቡና ቤት ነበረች። በምሥራቅ ሱዳን ቡናን ራሱን «ጀበና» ይሉታል፤ የሚያፈሉትም ብዙውን ጊዜ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው። የዚያች ቤት ባለቤት የጎንደር ልጅ ናት። ከደንበኞቿ አንዱ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ በልጅነቱ ከትግራይ የተሰደደ ልብስ ሰፊ ነው። ሌላው ሁላችንም «ኡስታዝ» የምንለው፣ ጡረታ የወጣ ሱዳናዊ አስተማሪ ነው። አራተኛው ከዐረብኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ዐረብኛ በመተርጐም የምተዳደረው እኔ ነኝ።

የነገሩ ጀማሪ ኡስታዝ ናቸው። እሳቸው በወጣትነታቸው ጣሪያ በሌለው ሲኒማ፣ ከዋክብት በላያቸው እያበሩ፣ «የባግዳድ ሌባ» የተባለውን የ1940 እ.ኤ.አ. ፊልምና ሲንባድ ከአፅም ጋር በሰይፍ የሚፋለምበትን የ1958 እ.ኤ.አ. ፊልም አይተው ያደጉ ናቸው። አፅሙን በእጁ ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ፣ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ለብቻዋ እየቀረጸ ሕይወት የሰጠው ሬይ ሃሪሃውሰን የሚባል አሜሪካዊ ባለሙያ እንደ ሆነ የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ከ1989 እ.ኤ.አ. መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የሱዳን ሲኒማ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው «ስለ ዛፎች ማውራት» የተሰኘው ዘጋቢ ፊልም ኦምዱርማን ላይ አንድ የተዘጋ ሲኒማ ለመክፈት የሚታገሉ አራት አዛውንት የፊልም ሰዎችን ወዳጅነት ያሳያል። ኡስታዝ ያን ፊልም ባየ ጊዜ «እነዚህ እኛው ነን፤ የጎደለን ጀበናው ብቻ ነው» አሉ።

በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ ልብስ ሰፊው ከገበያ ሦስት ሲዲ ይዞ መጣ። ፒተር ጃክሰን በኒውዚላንድ የሠራው «የቀለበቶቹ ጌታ» ነበር፤ ከ2001 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. በየዓመቱ የወጣ፣ መጨረሻው ክፍል 11 ኦስካር የወሰደ። ንግግሩ እንግሊዝኛ፣ ከሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ዐረብኛ ነው። ባለ ቡናዋ የዐረብኛ ፊደል አልቈጠረችም፤ ልብስ ሰፊው ቋንቋውን እንደ ውኃ ቢጠጣውም ጽሑፉ ይቀድመዋል። ስለዚህ እኔ ከማያ ገጹ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጬ እያነበብሁ በአማርኛ እናገር ጀመር። አንዱ ፊልም ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ መብራቱ እየጠፋ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኛ ዘንድ ሦስት ምሽት ፈጀ።

ችግሩ የቃል ነበር። ነጭ ጢሙን አንዠርጎ በትሩን ይዞ የሚመጣውን ጋንዳልፍን ምን እንበለው? መዝገበ ቃላት «ጠንቋይ» ይላል። ባለ ቡናዋ ግን «ጠንቋይማ ዶሮ ያሳርዳል እንጂ ለሰው አይሞትም፤ ይህስ ባሕታዊ ነው» ብላ ፈረደች። ኡስታዝ በበኩላቸው «ፈኪ» ይሁን አሉ፤ በሱዳን ቁርአን የሚያስተምር፣ ክታብ የሚጽፍ፣ የሚከበር ሰው ነው። ቀለበቱ ግን ማንንም አላስቸገረም። ሰሎሞን ለንግሥተ ሳባ ቀለበቱን እንደ ሰጣት ክብረ ነገሥት ይተርካል፤ አጋንንትን እንደ ዓሣ በመረብ እንዳጠመደም መርበብተ ሰሎሞን የሚባለው የአስማት መጽሐፍ ይናገራል። በሺህ አንድ ሌሊትም ዓሣ አጥማጁ ያወጣው፣ ጅኒው የታሰረበት የነሐስ ማሰሮ በሱለይማን ማኅተም የታተመ ነው። በአንዲት ክፍል ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ቀለበት በጣት የሚጠለቅ ሥልጣን መሆኑን ከፊልሙ በፊት ያውቅ ነበር።

የመጽሐፉን ደራሲ ቶልኪንን የወደድሁት ይህን ሥራ ስሠራ ነው። ቶልኪን በ1892 እ.ኤ.አ. ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በብሎምፎንቴን ተወልዶ በኦክስፎርድ የቋንቋ ታሪክ ያስተማረ ምሁር ነበር። መጽሐፉን ራሱ ከአንድ የጥንት ቋንቋ የተተረጐመ አስመስሎ አቀረበው፤ ተርጓሚዎች በስሞቹ ሲቸገሩ አይቶም የትኛው እንደሚተረጐም፣ የትኛው እንዳለ እንደሚቀር የሚያስረዳ መመሪያ ጻፈላቸው። ከሁሉ የደነቀኝ ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ገና ከዚያ በፊት፣ በ1932 እና በ1934 እ.ኤ.አ. በሁለት ክፍል ባሳተመው ጥናት፣ የጥንት እንግሊዞች ኢትዮጵያውያንን ይጠሩበት የነበረውን አንድ ቃል መርምሯል። «ሲገልዋራ» የሚለውን ቃል ከፀሐይና ከፍም ጋር አያይዞ ተረጐመው፤ አንዳንድ ሊቃውንትም በፊልሙ ድልድይ ላይ የሚታየው የእሳት ጭራቅ ከዚያ ጥናት እንደ ፈለቀ ይገምታሉ። ይህን ስነግራቸው ልብስ ሰፊው ሳቀና «እንግዲያማ ቤታችን ተሰርቆ ነው የመጣልን» አለ።

ከቃሎቹ ሁሉ ሁለቱ እስከ ዛሬ ያከራክሩናል። የመጀመሪያው የጨለማው ጦር አለቃ ፉከራ ነው። በእንግሊዝኛ ሰውንም ወንድንም በአንድ ቃል መጥራት ይቻላልና አለቃው ማንም ሊገድለኝ አይችልም ሲል፣ ኤዮዊን የምትባለዋ ልዕልት የራስ ቁሯን አውልቃ ሴትነቷን ትገልጣለች። በአማርኛ «ሰው» ካልሁ መልሷ ይከሽፋል፤ «ወንድ» ካልሁ ምስጢሩ አስቀድሞ ይገለጣል። ባለ ቡናዋ ግን ፈጥና «ወንድ በለው! እኛ አገር ወንድ ማለት ጀግና ነውና ማንም አይጠረጥርም» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ያን ምሽት ቡናው በነጻ ሆነ።

ሁለተኛው «አንቱ» ነው። ሳም የፍሮዶ አትክልተኛ ነው፤ ጌታውን በአክብሮት ይጠራል። እንግሊዝኛው ልዩነቱን አያሳይም፤ ዐረብኛውም በአንድ «አንተ» ያልፈዋል። በአማርኛ ግን አገልጋይ ጌታውን «አንተ» አይልም። መንገዱ ሲረዝም፣ ስንቁ ሲያልቅ፣ ውኃ በጉንጭ ሲካፈሉስ? ባለ ቡናዋ እኔን ራሴን በመጀመሪያው ዓመት «ጋሼ» እያለች «አንቱ» ትለኝ ነበር፤ መቼ «አንተ» እንዳለችኝ ሁለታችንም አናስታውስም። ልብስ ሰፊው ግን የሳምን ቦታ ያውቀዋል። ከእሳተ ገሞራው ተራራ ላይ ፍሮዶ መራመድ ሲያቅተው ሳም በጀርባው ያዝለዋል። «እዚያ ላይ ነው» አለ፤ ዝም አለናም ቀጠለ። ታላቅ ወንድሙ እሱን አዝሎ ሌሊት ሌሊት እየተጓዘ ወድ ኮውሊ መጠለያ እንዳደረሰው፣ ወንድሙ ግን ከመጠለያው እንዳልወጣ የነገረን ያን ምሽት ነው። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሰን ያን ቦታ ብቻ ደግመን አየነው።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። በኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. በትግራይ ጦርነት ተነሣ፤ ስደተኛው በሐምዳይትና በሉግዲ ጎረፈ፤ ለዓመታት ተዘግቶ የኖረው ኡም ራኩባ መጠለያ እንደገና ተከፈተ። በታኅሣሥ የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽቃ ገባ። በሁለት ወር ውስጥ እኛ አራታችን፣ ሳንፈልግ፣ የሦስት ወገን ሰዎች ሆንን። ማንም ማንንም አልተጣላም፤ ግን ልብስ ሰፊው ቀረ። ከኡም ራኩባ ዘመዶቹን ሲፈልግ ከረመ። ጀበናው ላይ አንድ ሲኒ እየተረፈ ስንት ሳምንት ሄደ።

በበጋው መጨረሻ አንድ ምሽት ገብቶ በቦታው ተቀመጠ። ባለ ቡናዋ «ወንድምዬ፣ እንኳን ደኅና መጣህ» ብላ ቀዳችለት። ፊልሙ ይከፈት አለ፤ ተከፈተ። እኔም እንደ ልማዴ ጭፍራዎቹ ኦርኮች ሲመጡ «ጭራቆቹ» አልሁ። እጁን አነሣ። «ይህን ቃል ተወው፤ በዚህ ክረምትና በጋ በስልኬ የሰማሁት ሰው ሲባልበት ነው፤ በሁሉም ወገን» አለ። ተወያየን፤ ኡስታዝም ተስማሙ፤ «ኦርክ» እንዳለ እንዲቀር ወሰንን። ቀጥሎ ኡስታዝ ጋንዳልፍ በዋሻው ውስጥ ለጎለም ስለ መራራት የሚናገረውን ቦታ እንድናይ ጠየቁ። ፍሮዶ በመጨረሻው ሰዓት ቀለበቱን መጣል ያቅተዋል፤ ዓለምን የሚያድነው አስቀድሞ ለዚያ ምስኪን የተደረገው ምሕረት ነው። ስለ ጦርነቱ ሌላ ነገር አልተነጋገርንም።

ቶልኪን በወጣትነቱ ከሦስት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ጋር ሻይ እየጠጣ ስለ ግጥምና ስለ ተረት የሚጫወት ማኅበር ነበረው። ሁለቱ በ1916 እ.ኤ.አ. በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞቱ። እኛ እስካሁን አራት ነን። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. የሱዳን ጦርነት ወዲህ ግን አንድ ቤት ውስጥ አልተገናኘንም። የኡስታዝ ግቢ ከካርቱም በተፈናቀሉ ዘመዶች ሞልቷል፤ ማታ ማታ ለሕፃናቱ የሲንባድን አፅም በእጃቸው እያስመሰሉ ያጫውቷቸዋል። ልብስ ሰፊው መኪናውን አልዘጋም። ባለ ቡናዋ በመተማ በኩል ወደ ጎንደር ተመለሰች። ስልክ በሚሠራበት ቀን በድምፅ ትልክልኛለች፤ ባለፈው የላከችው ሰላምታ አልነበረውም፤ «አንቱውን ከተራራው በፊት ብታነሣው ምን ይመስልሃል?» የሚል ብቻ ነበር።