የተቀመጠችው ሴት

ሐይቅ እስጢፋኖስ ስንደርስ ወንዶቹ ጓደኞቼ ነጠላቸውን አመሳቅለው ገቡ፤ እኔ ውጭ ቀረሁ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ገዳም ያደረጉት ስፍራ ለሴት ክልክል ነው። ይህን አስቀድሜም አውቅ ነበር። ያናደደኝ ጥላ ስር ተቀምጬ የሰማሁት አፈ ታሪክ ነው። አንዲት ነፍሰ ጡር በልዕልት ተበደለች፤ እግዜር ተቆጣና ዙሪያውን ሁሉ ውኃ አለበሰው፤ እሷ የተቀመጠችባት ቁራሽ መሬት ብቻ ደረቅ ቀረች። ገዳሙ ያለው እዚያች መሬት ላይ ነው። ለሴት ሲባል የተረፈ መሬት፣ ሴት የማትረግጠው!

ኩርፊያዬን ይዤ ወደ ሌላኛው ሐይቅ፣ ወደ አርዲቦ ወጣሁ። አርዲቦ ከእስጢፋኖሱ ሐይቅ ከፍ ብሎ ተራራ መሀል ተቋጥሯል፤ ትርፉን ውኃ በትንሽ ወንዝ ቁልቁል ለታላቁ ይልካል። የመጨረሻዋን ዳገት ጨርሼ ቀና ስል የደመና ጥላ ውኃውን እያቋረጠ ነበር፤ ጥላው ያለፈበት ሁሉ ከጥቁር ወደ አረንጓዴ ይዞራል። ኩርፊያዬ እዚያው ቀለጠ። ስንት ጊዜ ወሎን አውቃለሁ ብዬ አውርቻለሁ!

«ነይ ግቢ እህቴ፣ ቡና ደርሷል» አለችኝ ጀሪካን ያዘለች ሴት፤ ከደጇ ደርሳ ኖሯል።

ቤት ውስጥ ባልዋ ያወራ ነበር፤ ስለ ማሽላው፣ ስለ ዝናቡ። ስኒው ሲደረደር ግን ዝም አለ። እናቱ መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ እንዲህ ያሉትን እናቶች ወሎ ዱበርቲ ይላቸዋል። ለከብቱ፣ ለአገሩ፣ ለእኔም ለመንገደኛዋ ለመኑልኝ። ያ ሁሉ ሲናገር የነበረ ሰው ከበሩ ጥግ አንገቱን ደፍቶ «አሚን» ብቻ ይላል። ከዚያ «ጀባ» ተባልኩ፤ አቦሉን ተቀበልኩ።

እንዴት እንደተጋቡ ጠየቅኩ። «ሽማግሌ ላክሁ» አለ ባል፣ ኮራ ብሎ።

«ሽማግሌውን እሱ ላከ፤ እሱንስ ማን እንደላከው ጠይቂው!» አለች ሚስት፣ እጣኑን እየጨመረች። ለካ እሱ ከብት ሊያጠጣ ሲወርድ፣ እሷ ውኃ ልትቀዳ ስትወርድ ተያይተዋል። ለአክስቷ ሹክ ያለችው እሷው ናት።

ወንድሟ ደግሞ ክርስቲያን አግብቷል። ሠርጉ ላይ ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ ታረደ፤ ድስቱ ተለየ፣ ዳሱ አንድ ነበር።

በቶናው መሀል ከሣጥን በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣች፤ የመሬት ይዞታ ደብተር ነው። ሁለት ጉርድ ፎቶ ጎን ለጎን ተለጥፏል፦ እሱ የተኮሳተረ፣ እሷ ሻሿ ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ። «የጎረቤት ሻሽ ነው» አለችኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎት ነበር፤ የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግና በ1995 የተከተለው የአማራ ክልሉ ሕግ ናቸው ሁለቱን እኩል ያደረጉት። እሷ ዓመተ ምሕረቱን አትቆጥርም። «ያለ እኔ ፊርማ ለማንም አይከራይም» አለችና ደብተሩን መልሳ ጠቀለለች።

ሞፈሩን ግን ዛሬም የሚይዘው እሱ ነው፤ ጀሪካኑ የእሷ ጀርባ ላይ ነው። ሐይቁን ስወድ ይህን ልርሳ ማለት አልችልም።

በረካው ላይ የነፍሰ ጡሯን ታሪክ አነሳሁባት።

«ተቀምጣ ነበር አሉሽ?»

«አዎ።»

«እንግዲያ የሌላ አገር ሰው ናት። ቡና ላይ ካልሆነ የዚህ አገር ሴት መቼ ትቀመጣለች?» ብላ ጀሪካኗን አነሳች።