ቃል እስኪወጣ መጠበቅ

የእኅታችን ልጅ በአሜሪካ ተቀማጭ ናት። ባለፈው ዓመት በላከችልን ደብዳቤ፥ የንግግርና የቋንቋ ሕክምና ረዳት ለመሆን ማሰቧን ገልጣ፥ «ጋሼ፥ እርስዎ መምህር ነዎትና ምን ይመክሩኛል?» ስትል ጠየቀችን። ደብዳቤውን አንብበን ብዙ ጊዜ ዝም አልን፤ ምክንያቱንም ከአንባቢ አንደብቅም።

ማስተማር በጀመርንበት ዓመት በክፍላችን አንድ ተብታባ ልጅ ነበረ። የማንበብ ተራ ሲደርሰው የመጀመሪያው ፊደል ከአፉ አልወጣ ይለው ነበር፤ እኛም ስንፍና መስሎን እስኪያነብ ድረስ እንዲቆም እናዝዘው ነበር። በንባብ ቤት ተነሹን ከወዳቂው ስናምታታ እየተቆጡን ያደግን ነንና፥ ተግሣጽ ምላስን የሚያቀና ይመስለን ነበር። ልጁ ዓመቱ ሳያልቅ ትምህርቱን ተወ። መንተባተብ ስንፍና አለመሆኑን፥ በቁጣም እንደሚብስ እንጂ እንደማይሻል የተረዳነው ዘግይተን ነው።

ስለዚህ መልስ ከመጻፋችን በፊት ነገሩን መረመርን። በዚያ አገር ዋናው ባለሙያ ሁለተኛ ዲግሪ ያለው ነው፤ ረዳቱም በእርሱ ቁጥጥር ሥር ይሠራል። መቀመጫው በሮክቪል ሜሪላንድ የሆነው የአሜሪካ የንግግር፥ የቋንቋና የመስማት ማኅበር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2020 ለረዳቶች የምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። መንገዱ ሦስት ነው፤ የ2 ዓመት የረዳትነት ትምህርት፥ ወይም በዚሁ ጥናት የመጀመሪያ ዲግሪ፥ ወይም በሌላ ትምህርት በተገኘ ዲግሪ ላይ የሚፈለጉትን ኮርሶች መጨመር። በየትኛውም ቢመጡ 100 ሰዓት የተግባር ልምምድ አለ፤ 80ው ከታካሚ ጋር፥ 20ው በዝግጅትና በመሰል ሥራ የሚያልፍ ነው። ስለ ሥነ ምግባርና የታካሚን ምሥጢር ስለ መጠበቅም ይማራሉ፤ ከዚያ ፈተና ይከተላል።

የእኅታችን ልጅ ከዚህ አገር በሒሳብ ዲግሪ ይዛ ስለ ሄደች፥ «ሦስተኛው መንገድ ያሳጥርልሻል» ብለን ጻፍንላት። እርስዋ ግን ከእኛ ይልቅ ጠንቃቃ ሆና ተገኘች። የማኅበሩ ወረቀት በፈቃድ የሚያዝ ነው፤ ለሥራ የሚያበቃው የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ስለ ሆነ፥ በአንዱ የበቃው በሌላው ላይበቃ ይችላል። ይህን በምትኖርበት ስፍራ ጠይቃ፥ የ2 ዓመቱን ትምህርት መረጠች። ቀን ሥራ እየሠራች፥ ልጅም እያሳደገች፥ ማታ ማታ ትማራለች። የመምህርነት ምክራችን እዚህ ላይ ብዙም አልጠቀማትም።

ረዳቱ ባለሙያው ያዘዘውን ልምምድ ያስለማምዳል፥ ለውጡንም ይመዘግባል። ችግሩን መርምሮ መለየት፥ የሕክምናውን ዕቅድ ማውጣትና ታካሚውን ማሰናበት ግን የእርሱ ድርሻ አይደለም። በዲቁና ላገለገልነው ለእኛ ይህ ሥርዓት እንግዳ አልሆነብንም፤ ዲያቆን አይባርክም፥ ያለ ዲያቆን ግን ቅዳሴ አይቀደስም።

እንደ እርስዋ ያለ ቋንቋ አዋቂ ረዳት ሌላም ጥቅም አለው። ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣው የእንግሊዝኛ ድምፅ በአማርኛ የለም። ከአማርኛ ተናጋሪ ቤት የወጣ ሕፃን በ«ት» ወይም በ«ስ» ቢተካው፥ የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ተከተለ እንጂ ሕመም አላገኘውም። ሠልጥኖ የሚያስተረጕም ረዳት በምርመራው ላይ ሲገኝ፥ ባለሙያው ልዩነትን ከችግር ለመለየት ይቀለዋል። ፍርዱ ግን እዚያም የባለሙያው ነው።

በቅርቡ በጻፈችልን ደብዳቤ ልምምድ መጀመሯን ነገረችን። በመጀመሪያው ቀን ከአንድ የሚንተባተብ የ7 ዓመት ልጅ ጋር አስቀመጧት። ልጁ በአንድ ቃል ላይ ሲታገል ልትረዳው ብላ ቃሉን ጨረሰችለት። ባለሙያዋ በኋላ ለብቻዋ ጠርታ፥ «ቃሉ የእርሱ ነው፤ ዓይኑን እያየሽ ጠብቂው» አለቻት።

ያን የቀድሞ ተማሪያችንን በሚያውቁት ሰዎች በኩል አጠያይቀን ነበር፤ እስካሁን አላገኘነውም።