በሮቹን የፈተሸ እንግዳ

ባለፈው የብርድ ወራት የኅብረታችን ቅርንጫፍ የርዳታ ገንዘብ ለማሰባሰብ የፊልም ምሽት አዘጋጅቶ ነበር። የተከራየነው አዳራሽ አሮጌ ምድር ቤት ሲሆን፣ ካሉት ሁለት በሮች አንደኛውን ያለ ትኬት የሚገባ እንዳይኖር ብለን በወንበር ክምር ዘግተነው ነበር። ከተጋበዙት መካከል አንድ ኩርዳዊ የትምህርት ጓደኛችን ገና ሳይቀመጥ አዳራሹን ዞረና በሮቹን በእጁ እየገፋ ፈተሸ፤ ከዚያም ክምሩ እንዲነሣ በትሕትና ጠየቀን። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን ተቀየምን፤ «የዘበኛ ልጅ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ የቀለደም ነበር።

እንግዳችን ግን የአሙዳ ልጅ ነበር።

አሙዳ በሶርያ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከቱርክ ወሰን አጠገብ የምትገኝ፣ አብዛኛው ሕዝቧ ኩርድ የሆነ ትንሽ የባላገር ከተማ ናት። ኅዳር 4 ቀን 1953 ዓ.ም.፣ በአገራችን የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ሊነሣ ልክ አንድ ወር ሲቀረው፣ የከተማይቱ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ሲኒማ ቤቱ ተወሰዱ። ሶርያ በዚያን ጊዜ ከግብፅ ጋር ተዋሕዳ ነበር፤ አልጄሪያም ከፈረንሳይ ቅኝ አገዛዝ ለመላቀቅ መዋጋት ከጀመረች ስድስት ዓመት ሞልቷት ነበር። የትኬቱ ገቢ ለአልጄሪያ አብዮት የሚላክ ነበር። ጠባቡ ሲኒማ ቤት ከሚችለው በላይ በሕፃናት ተጨናነቀ፤ ፊልሙ በመታየት ላይ ሳለም እሳት ተነሣ። የሟቾቹ ቍጥር በየመዝገቡ ይለያያል፤ ከ150 በላይ መሆኑ ግን አያከራክርም፤ ብዙዎች ከ200 በላይ ያደርሱታል። የጓደኛችን የአያቱ ታናሽ ወንድም ከዚያ አልወጣም። አያቱም እስክትሞት ድረስ፣ ለሠርግም ሆነ ለልቅሶ ከሰው ቤት ስትገባ፣ መውጫውን ሳታይ አትቀመጥም ነበር አለን።

እኛን የቈረቈረን የዓላማው ትክክለኛነት ነው። የሕፃናቱን ሳንቲም የሰበሰበው ለጨቋኝ የሚሠራ ሰው አልነበረም፤ ከመካከላችንም የአልጄሪያን ትግል የሚነቅፍ የለም። የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች እንደ መሆናችን በየጽሑፋችን «ዓላማው ትክክል ነውን?» እያልን ስንከራከር ኖረናል፤ «ለተጠሩት ሰዎች መውጫ አላቸውን?» ብለን ስንጠይቅ ግን አልተገኘንም።

ጥያቄው ለራሳችን ታሪክም ባዕድ አይደለም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ዘመን፣ ወረቀት እንዲበትኑ ከተላኩት መካከል ገና ጢም ያላበቀሉ ተማሪዎች ነበሩ። የገዳዩ መንግሥት ወንጀል በምንም አይጋረድም፤ በምንም አይቀልም። ይሁን እንጂ ላኪው ወገን ለእናቶቻቸው የሚመልሰው የራሱ ጥያቄ አለበት። እኛም የዚያን ትውልድ ስምና ውርስ የተቀበልን ሁሉ፣ ከመዝሙሩ ጋር ዕዳውንም መቀበል ይገባናል። ሕዝብን የሚጠራ ሰው አስቀድሞ በሩን ይቍጠር።

በዚያ ምሽት ወንበሮቹን አነሣን። በተከፈተው በር ያለ ትኬት የገቡ ነበሩና ገቢያችን ካሰብነው አነሰ። በተከታዩ ስብሰባ ገንዘብ ያዡ ጉድለቱን ሲያስረዳ አንድም ተቃውሞ አልተሰማም። እንግዳችን ከዚያው በር አጠገብ ተቀምጦ ፊልሙን እስከ መጨረሻው አይቶ ነበር።