የአያቴ ጣሳ

ባለፈው ክረምት ልደታ ከነበረው አሮጌ ቤታችን ለቅቀን ወደ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ስንገባ፥ ዕቃ የመለየቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እኔም የሚረባውን ከማይረባው ለይቼ የማውቅ መስሎኝ፥ በመስኮቱ ሥር በሶብላ የተተከለባቸውን አሮጌ ጣሳዎች በሙሉ ለቆራሌው ሰጠሁት።

ማታ አያቴ «ልጄ፥ መርቲዬስ የት አለች?» ሲሉ ደነገጥሁ። መርቲ ማለታቸው በአርሲ፥ በላይኛው አዋሽ ካለው ፋብሪካ የሚመጣው የቲማቲም ድልህ ጣሳ ነው። አያቴ ፊደል አልቈጠሩም። ሆኖም ሱቅ ልከውኝ ሌላ ጣሳ ይዤ ከተመለስሁ፥ ገና ከበሩ ሳልገባ «ሥዕሏ ሌላ ናት፥ መልስ» ይሉኝ ነበር። አንድ ቀን ጓደኞቼ ባሉበት በጣሳዋ ላይ ያለውን ጽሑፍ እንዳነብላቸው ቢጠይቁኝ፥ አፍሬ ያልሰማሁ መሰልሁ። ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህን ስጽፍ ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ከዚህ በኋላ በዕቃ ላይ ስለሚሣሉ ሥዕሎች ማንበብ ጀመርሁ። በካሊፎርኒያ ያሉ የብርቱካን ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. ከ1880ዎቹ እስከ 1950ዎቹ ድረስ በእንጨት ሣጥኖቻቸው ጎን ላይ ከደብተር ገጽ ጥቂት የሚሰፋ ባለ ቀለም ወረቀት ይለጥፉ ነበር። ተራራው፥ ጽጌረዳው፥ ፈረሱ፥ ቆንጆይቱ ሴት፥ ምን ያልተሣለ አለ! ሥዕሉ በድንጋይ ላይ ይነደፍና ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ድንጋይ ይዘጋጅለታል። ብርቱካኑ በባቡር ተጭኖ ኒውዮርክ ሲደርስ ገዢው በጨረታው ስፍራ ከሩቅ ሥዕሉን አይቶ የማንን ፍሬ እንደሚገዛ ያውቃል። እንግዲህ ፊደል የቈጠረው ነጋዴም እንደ አያቴ በሥዕል ይመራ ኖሯል! በኋላ የካርቶን ሣጥን መጣና የእንጨቱን ተካው፤ ሳይለጠፉ የቀሩትን ወረቀቶች ዛሬ ሰብሳቢዎች በገንዘብ ይገዟቸዋል። በእኛ ሰፈር ፍሬ መሸጫ ባየሁት ሣጥን ላይ ግን ከሚስማር በቀር ምንም የለም።

የሆነ ሆኖ ቅዳሜ ዕለት ጣሳዋን ፍለጋ መርካቶ፥ ምናለሽ ተራ ሄድሁ። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ያደነቍራል፤ በርሜሉ ምድጃ፥ የድልሁ ጣሳ ኩራዝ ይሆናል። አንዱን ቀጥቃጭ ብጠይቀው «ወንድሜ፥ እስካሁን ምን ትቈይሃለች!» ብሎ ሳቀብኝ። ከፊቱ ከደረደራቸው ኩራዞች በአንደኛው ሆድ ላይ ግን ግማሽ ቀይ ቲማቲም ተዘቅዝቆ ይታይ ነበር። ሳልከራከር ገዛሁት።

አያቴ ኩራዙን ገልብጠው ወደ መስኮቱ አስጠጉና ጥቂት ተመለከቱት።

«ሥዕሏ ሌላ ናት» አሉ።

ቀጥለውም ጣታቸውን በተቈረጠው ጽሑፍ ላይ አኑረው «እስቲ፥ ምን ይላል?» አሉኝ። የቀሩት ፊደላት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብሁላቸው።